ሐኪም ስታውት፦ ጥቁርነቱ አያታልልዎት

ሐኪም ጋራ ከሐረር በስተደቡብ የሚገኝ፣ አናቱ ላይ የአው ሐኪም መካነ መቃብር ያለበት፣ ጁገልን ከነግንቧ ቁልቁል የሚያሳይ ተራራ ነው። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ከመንግሥት የገዛው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ጥቁር ቢራም በዚሁ ጋራ ስም ይጠራል፦ ሐኪም ስታውት።

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ከጣዕም በፊት የሚሸጠው ስምና መልክ ነው። ለዚህም ይመስላል ብዙዎቻችን ጥቁር ቢራ ስናይ «ይሄማ ከባድ ነው» የምንለው።

ጥቁረቱ ከየት መጣ?

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች መልሱን ያውቁታል። አሻሮው በደንብ ሲቆላ ጠላው ይጠቁራል። የቢራም ምስጢር የብቅሉ አቆላል ነው። አልኮሉን የሚወስነው ግን እርሾው ወደ አልኮል የቀየረው የስኳር መጠን ነው። በጥቁረቱ የታወቀው የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት የአልኮል መጠኑ 4.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከብዙዎቹ ቢጫ ቢራዎች ያንሳል።

ስታውት ወይስ ላገር?

ጥቁር ቢራ ሁሉ ስታውት አይደለም። ስታውት ሞቅ ባለ ሙቀት የሚብላላ፣ የተቆላ ገብስ ምሬት ያለው ቢራ ነው። ጀርመኖች ደግሞ «ሽቫርትስቢር» ማለትም ጥቁር ቢራ የሚሉት አላቸው። በቱሪንጂያ ግዛት ያለው የኮስትሪትስ ጠመቃ ስሙ በጽሑፍ የተገኘው ገና በ1543 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ቢራ ላገር ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ ይብላላል፣ ከዚያም ለሳምንታት ይቀመጣል። «ላገር» የሚለው ቃል ራሱ ከጀርመንኛው «ማከማቸት» የመጣ ነው።

እንዴት ይቅመሱት?

• ከማቀዝቀዣ አውጥተው 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታውም ጣዕሙም ይደበቃል።
• ብርጭቆው ቅባት አይንካው፤ አረፋውን ያጠፋዋል።
• ወደ ብርሃን ያንሱት። ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ቀለም ሊያዩ ይችላሉ።
• ከመጎንጨትዎ በፊት ያሽትቱት፦ የዳቦ ቅርፊት? ቸኮሌት? የተቆላ ቡና?
• ጥቂት ተጎንጭተው አፍዎ ውስጥ ያቆዩት፣ ከዚያ ይዋጡት።

አፍ ውስጥ ወፍሮ የቡና ምሬቱ ከቆየ ወደ ስታውት ያደላል። ቀለል ብሎ ጣዕሙ ቶሎ ከጠራ ወደ ጀርመኑ ላገር ይቀርባል። የጠርሙሱ ጽሑፍ ስታውት ይላል፤ ምላስዎ ምን ይላል? አብሮት ደረቅ ጥብስ ቢቀርብ የሥጋው ጥብሳትና የብቅሉ ቁሌት ይስማማሉ።

ቤተሰብ ውስጥ

«ጥቁር ቢራ ደም ይሆናል፣ ለአራስ ወተት ይጨምራል» የሚለውን ወሬ አይመኑ። መልኩ ቢጠቁርም ውስጡ ያለው ያው አልኮል ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥም በሕግ የተከለከለ ነው። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳዎ አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ አብረው ያቅርቡ። ለሚጠጣው ደግሞ አንድ ጠርሙስ በዝግታ ሲቀመስ ከሦስት ጥድፊያ የበለጠ ያጫውታል።