ሥራ ያቆመው ሐኪም እና ሥራ የለቀቀው ሐኪም

በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄዎች ዘርዝረው ለመንግሥት የ30 ቀን ቀነ ገደብ ሰጡ። የደመወዝ ማሻሻያ፣ የዱቲ (የተረኝነት ሥራ) ክፍያ፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል፣ ለራሳቸው የሕክምና ዋስትና ጠየቁ። ቀኑ ሲያልፍ ግንቦት 5 ከፊል፣ ግንቦት 11 ደግሞ ሙሉ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። የጤና ሚኒስቴር አድማውን ሕገወጥ አለው፤ በተለያዩ ከተሞች ባለሙያዎች ታሰሩ። በዚያ ሰሞን በየቤቱ ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ይነሱ ነበር። አንዱ «ሐኪም እንዴት በሽተኛ ጥሎ ይወጣል?» የሚል ነው፤ ሌላው «ሐኪሙስ ምን በልቶ ያክም?» የሚል። ሁለቱን የሚጠይቁት የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም። ልጇን ለማሳከም ከጊራና ወይም ከውርጌሳ መርሳ ድረስ የምትሄድ እናት ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ልትል ትችላለች፤ ብትልም ተቃርኖ የለበትም። ሕዝቡ ስለ አድማ ያለው አመለካከት ደጋፊና ተቃዋሚ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ፍርዱን የሚወስነው የትኛውን ጉዳት እንደሚቆጥርና የትኛውን ሳይቆጥር እንደሚያልፍ ነው። በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቆሞ ጉዳዩን ላየ ሰው ሳይቆጠር የሚያልፈው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ለሐኪም የሚሰጠው ክብር ረጅም ታሪክ አለው። ሐኪም ብርቅ በነበረበት ዘመን የገጠሩን ሰው መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያጥብለት ድሬሰሩ ነበር፤ እሱም ቢሆን እንደ ትልቅ ሰው ይከበር ነበር። ዛሬም ዶክተሩን «አንተ» የሚለው፣ ነርሷን «ሲስተር» ሳይል የሚጠራት ጥቂት ነው። ይህ ክብር ግን ለባለሙያው ዕዳም ሆኖበታል። የተከበረ ሰው ተቸገርኩ ሲል የሚያምነው አያገኝም። በግል ክሊኒክ ለአንድ ምርመራ የሚከፈለውን ገንዘብ ያየ ሰው ሐኪም ሁሉ ሀብታም ይመስለዋል። በግንቦት 2017 አንድ ጠቅላላ ሐኪም የሚያገኘው ደመወዝ ወደ 11 ሺህ ብር ገደማ እንደሆነ በስፋት ሲነገር ብዙ ሰው የደነገጠው ለዚህ ነው። ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ አድማው ሲጀመር ከ130 ብር አልፏል። የዘይቱና የጤፉ ዋጋ ለደመወዝተኛው ሁሉ አንድ ነውና፣ በዚያ ሰሞን ሐኪሙን «ቅንጡ» ማለት ከባድ ነበር።

ጥያቄው አዲስ ቢሆን ኖሮ «ትንሽ ይታገሱ» ማለት ያስኬድ ነበር። ግን አዲስ አልነበረም። በሚያዝያ 2011 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረዋል። ከስብሰባው በኋላ ቅሬታው ባሰ እንጂ አልበረደም፤ በግንቦት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች በተለያዩ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሥራ አቁመዋል። ያኔ የተነሱት የክፍያ፣ የሥራ ሁኔታና የመድኃኒት እጥረት ጥያቄዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ከሞላ ጎደል እንዳሉ ተመልሰው መጡ። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ሰሜን ወሎ ምን እንዳሳለፈ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች። ያን ጊዜ የወልድያ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ በዞኑ ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎችም መሣሪያና መድኃኒታቸውን አጥተዋል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ በቆቦ በኩል ዳግም ሲነሳ ሕዝቡ ደግሞ ተፈናቀለ። ዓመት ሳይሞላ፣ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ውጊያ መንገድ ዘጋ፣ አምቡላንስ አስቆመ፣ የመድኃኒት ጭነት አዘገየ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2016 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት በክልሉ የጤና ተቋማት፣ ባለሙያዎችና አምቡላንሶች ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ ቁስለኛ በማከማቸው የታሰሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ዘግቧል። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ያለው የጃራ መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎችን ለዓመታት ይዞ ኖሯል፤ ለእነዚህ ሰዎች ከመንግሥት ጤና ተቋም ሌላ የሚሄዱበት ደጅ አልነበረም። የወረዳው ቆላ ቀበሌዎች የወባ አገር ናቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃም በ2024 እ.ኤ.አ. ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በዚህ ሁሉ መሐል የጤና አገልግሎት በሰሜን ወሎ ደጋግሞ ተቋርጧል፤ ያቋረጠው ግን አድማ አልነበረም። ባለሙያው አብሮ የተዘረፈ፣ አብሮ የተፈናቀለ፣ ሲመለስም ባዶ ክፍል የጠበቀው ሰው ነው። ይህን ያየ የወልድያ ነዋሪ «ሐኪሞች አገልግሎት አቋረጡ» ሲባል ከአዲስ አበባው ሰው ይበልጥ ነገሩን ቢመዝን አይገርምም።

የባሰው መቋረጥ ደግሞ ድምፅ የለውም። ሥራ ያቆመ ሐኪም ነገ ሊመለስ ነው ያቆመው፤ ጥያቄ አለው፣ የሚጠብቀው መልስ አለው። ሥራ የለቀቀ ሐኪም ግን አይመለስም፤ ማስታወቂያ አይለጥፍም፣ መግለጫ የሚያወጣበትም አካል የለም። አንዱ ወደ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል፣ ሌላው ወደ ውጭ አገር፣ ሌላው ጭራሽ ከሙያው ወጥቶ ወደ ንግድ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የሚቀረው «ሪፈር» የሚል ወረቀት ነው። ስፔሻሊስት የሌለበት ክፍል በሽተኛውን ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ርቃ ወዳለችው ደሴ ይልካል፤ እዚያም ካልተቻለ አዲስ አበባ ነው። ለትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ፣ ለማደሪያ የሚወጣው ገንዘብ በግ ወይም በሬ ያሸጣል። መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን በሬ ሸጦም አይኬድም። እንዲህ ያለው ጉዳት በአድማ ሳምንት ከሚደርሰው ይበልጥ ቢሆንም «የጤና ሚኒስቴር አወገዘ» የሚል ዜና አይሠራለትም፤ ሕገወጥ የሚለውም የለም።

የጤና መድህኑ ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያሳያል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሙከራ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ከዚያ አሠራሩ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። ገበሬው በየዓመቱ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሕክምና ለእሱ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ የከፈለበት መብቱ ሆኗል። አድማ ሲነሳ የሚቆጣውም ለዚህ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ደብተር መድኃኒት «ከውጭ ግዛ» በተባለበት፣ ሐኪም በሌለበት ቀን ሁሉ ዋጋ ያጣል። ሀብታሙ የግል ክሊኒክ አለው፤ በአድማም ያለ አድማም ብዙ አይጎዳም። ደብተር ብቻ ያለው ሰው ጥቅም የተሳሰረው ሆስፒታሉ ውስጥ በቂ ባለሙያ ከመኖሩ ጋር ነው፤ ባለሙያው እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ ኑሮው ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቶ፣ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል እነማን የዚህ መብት ተጠቃሚ እንደሚሆኑ በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታል፣ ክሊኒክና ፋርማሲን ከአስፈላጊ አገልግሎቶች ዘርዝሮ በእነሱ ውስጥ አድማን ይከለክላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ቢሆን በሆስፒታል አድማን መገደብ ይቻላል ይላል። እስከዚህ ድረስ መንግሥት የሚለው ስህተት የለበትም። ድርጅቱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ አድማ የተከለከለበት ሠራተኛ ፈጣን፣ ገለልተኛና አስገዳጅ የዕርቅና የግልግል መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 87 ያጸደቀችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። አዋጁም ራሱ በአስፈላጊ ድርጅቶች ስለ ደመወዝ የሚነሳ የጋራ ክርክርን የሚያይ ጊዜያዊ ቦርድ ያውቃል። ችግሩ አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አለመመልከቱ ነው። ስለዚህ በግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ቢያንስ በወረቀት ላይ ቦርድ አላት፤ በመርሳ የመንግሥት ሆስፒታል ያለችው እኅቷ ግን የላትም። እሷ የምታገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የግል አቤቱታን የሚያይ ነው፤ «የሁላችንም ደመወዝ አይበቃም» የሚል የጋራ ጥያቄ የሚቀርብበት ችሎት አይደለም። ክልከላው አለ፣ በክልከላው ምትክ ሊኖር የሚገባው ግን ጎድሏል። የአገራችን የአድማ ክርክር ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል።

«የሰው ሕይወት መደራደሪያ አይሆንም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ምጥ የያዛትን ሴት፣ ደም የሚፈሰውን ቁስለኛ ጥሎ መሄድን በምንም ደመወዝ ማስረዳት አይቻልም፤ ይህን የሚያደርግ አድማ የሕዝቡን ድጋፍ ቢያጣ ይገባዋል። ሆኖም አድማ ሁሉ ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም። ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራቸውን ቀጥለው ቀጠሮ የሚይዙ ክፍሎች ብቻ የሚያቆሙበት ሥርዓት በብዙ አገር ይሠራበታል። በኬንያ ኪሊፊ ከ2010 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. የተደረጉ አድማዎችን የመረመረ ጥናት በጠቅላላው የሞት መጠን ላይ ጉልህ ጭማሪ አላገኘም። ይህ አድማን ጉዳት የለሽ አያደርገውም፤ የኬንያ ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. 100 ቀን ሥራ ሲያቆሙ የግል ሕክምና መክፈል የማይችለው ሰው ብዙ ተንገላቷል። ከኬንያ የምወስደው ትልቁ ቁም ነገር ግን የአድማው መንስኤ ነው፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመ የኅብረት ስምምነት አለመፈጸሙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ለ56 ቀናት ዳግም ያቆሙትም ካልተፈጸሙ ቃሎች የተነሳ ነበር። በመጀመሪያው አድማ መሪዎችን ማሰርም ተሞክሯል፤ አድማውን ግን የቋጨው ድርድር ነው።

ሌላው ተቃውሞ «መምህሩስ? ገበሬውስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ መምህሩም ተርቧል፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የማያውቀው የሐብሩ ገበሬም ዝናብ ሲቀር የሚጠይቀው አካል የለውም። ይሁን እንጂ የአንዱ ችግር የሌላውን ጥያቄ ውድቅ አያደርግም፤ የመምህሩ ጥያቄም የሚሰማበት መድረክ ቢኖር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። «ከጀርባው ፖለቲካ አለ» የሚለውም በጦርነት ውስጥ ባለ ክልል በቀላሉ ይታመናል፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ክርክሩ በሕጋዊ ቦርድ ፊት ቢታይ ጥያቄውን ለሌላ ዓላማ መጠቀም የሚፈልግ ሰው መሣሪያ ያጣ ነበር፤ በር ሲዘጋ ግን የዳቦ ጥያቄ ራሱ እንደ አመፅ ይቆጠራል።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት ለሠራተኞቹ ሁሉ ደመወዝ ጨምሯል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ለጤና ባለሙያው ተለይቶ የተደረገ ባይሆንም «ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ የመጨረሻ እንዳልነበር አሳይቷል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅም ነገር አለ። በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች ባለሙያው ሌሊቱን ሠርቶ ያጠናቀቀው የዱቲ ሥራ ክፍያ ለወራት መዘግየቱ የቆየ ቅሬታ ነው፤ ይህ የተሠራ ሥራ ዋጋ እንጂ የጭማሪ ጥያቄ አይደለም፤ ለመክፈልም አዲስ አዋጅ አይጠብቅም። የክልሉ ምክር ቤትም የትኞቹ ክፍሎች ምንጊዜም እንደማይቆሙ፣ የጋራ ጥያቄ የሚቀርብለት ገለልተኛ አካል ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ መወሰን እንዳለበት በሕግ ሊደነግግ ይችላል። ያ እስኪሆን ድረስ የሐብሩ ነዋሪ በሚቀጥለው አድማ «ሐኪሙ ለምን ቆመ?» ሲል፣ የወልድያ ሆስፒታል ባለፉት ዓመታት ስንት ስፔሻሊስት እንደለቀቀውና ለምን እንደለቀቀውም አብሮ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።