የኢንተርኔት መዘግየትና ግራፍ

የኢንተርኔት መዘግየት እንደ ትኩሳት ነው፤ ምልክቱ አንድ ሲሆን መንሥኤው ብዙ ነው። መሥመሩ በተጠቃሚ ብዛት ሲጨናነቅ፣ ገመድ ሲበጠስ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም አገልግሎቱ በትእዛዝ ሲዘጋ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ያንኑ ያልተከፈተ ገጽ ነው። ባለሙያዎች መንሥኤውን ለይተው ለማወቅ በግራፍ ይጠቀማሉ።

ግራፉ በሁለት ዓይነት ልኬት ይዘጋጃል። አንደኛው በመሥመሩ ያለፈው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በየ5 ደቂቃው ይመዘገባል። ሁለተኛው አንዲት አጭር መልእክት ደርሳ እስክትመለስ የምትወስደው ጊዜ ነው። የጤነኛ መሥመር ግራፍ ቀን እንደ ተራራ ከፍ፣ ሌሊት እንደ ሸለቆ ዝቅ ይላል። የተራራው ራስ እንደ አምባ ጠፍጣፋ ከሆነና በዚያው ሰዓት የመልእክቷ መመለሻ ጊዜ ከረዘመ፣ መሥመሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ መፍትሔውም ማስፋት ነው። የመረጃው መጠን በድንገት እንደ ገደል ከወረደ ግን ማስፋቱ ገንዘብ ማባከን ስለሚሆን፣ የመቋረጡን ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ለዚህ የሱዳን ርእሰ ከተማ ካርቱም ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በሰኔ 2013 እና በሰኔ 2014 ዓ.ም. በሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ሲሰጥ፣ ኩረጃን ለመከላከል ኢንተርኔት ይዘጋ ነበር። በፈተናው ቀናት ግራፉ ጧት ጧት ለ3 ሰዓት ያህል ወርዶ ይነሣ ነበር። የተበጠሰ ገመድ ቀጠሮ አያከብርም፤ ስለዚህ በተወሰነ ሰዓት የሚመላለስ መቋረጥ የሰው ውሳኔ ምልክት ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የጦር ኃይሉ ሥልጣን በያዘበት ዕለትም የሞባይል ኢንተርኔት ግራፍ በአንድ ጊዜ ወርዶ፣ እስከ ኅዳር 9 ቀን ሳይነሣ ቆየ።

ይሁን እንጂ ግራፍ ሁሉን አይናገርም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኤም ቲ ኤንና የሱዳኒ፣ ከቀናት በኋላም የዘይን አገልግሎት ተቋረጠ። ባንካክ በተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ አገልግሎት በሚላክላቸው ገንዘብ ይተዳደሩ ለነበሩ ነዋሪዎች፣ ይህ የዕለት ጉርስን ማጣት ነበር። ግራፉ የማን አገልግሎት መቼ እንደ ተቋረጠ አሳየ፤ ያቋረጠውን እጅ ግን አላሳየም።

ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ አስቀድሞ የግራፉን ቅርጽ ይመለከታል፤ ቀጥሎ ሰዓቱን ያመሳክራል፤ በመጨረሻም በስፍራው የነበሩትን ይጠይቃል።