የዶሮ ማዋያ ቁመት ምን ያህል ይሁን?

ዶሮ በአገራችን የቤተ ሰብ ሀብት ከሆነች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በትግራይ፣ መዝበር በሚባለው የጥንት መንደር በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ዶሮ በዚህ ምድር እንደ ነበረች ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ቀን በግቢው ስትጭር ውላ ማታ ቆጥ ላይ ከማደር በቀር የተለየ ስፍራ አልተሠራላትም። በከተማ ግን ግቢው እየጠበበ፣ ጎረቤቱም እየቀረበ ስለ ሄደ፣ ዶሮዎችን በአጥር ውስጥ ማዋል ለብዙ ሰው ግድ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ማዋያ የምንለው ዶሮዎች ቀን የሚውሉበትን የታጠረ ስፍራ ነው፤ ማታ የሚያድሩበት ቤት ሌላ ነው።

የማዋያውን ቁመት መወሰን ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቁመቱ ከተወሰነ በኋላ ምሰሶው ይቆረጣል፣ ሽቦውም ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ለማረም ማፍረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባል፤ እነርሱም የዶሮዋ ጠባይ፣ የጠላቷ መንገድና የጠባቂዋ ቁመት ናቸው።

በመጀመሪያ የዶሮዋን ጠባይ እንመልከት። የዛሬዪቱ ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ይህ ወፍ ቀን በመሬት ላይ ሲለቅም ውሎ ማታ ዛፍ ላይ ይወጣል። የእኛም ዶሮ ከፍታን የምትወደው ከዚሁ በወረሰችው ጠባይ ነው። እንደ ሌግሆርን ያሉ ቀላል ዝርያዎችና ቀልጣፋዎቹ የአገራችን ዶሮዎች 1.20 ሜትር የሆነውን አጥር ሊዘሉት ይችላሉ፤ ሰውነታቸው የከበደ ዝርያዎች ግን በዚሁ ቁመት ብዙውን ጊዜ ይታገዳሉ። ደግሞም ዶሮ አጥር የምታልፈው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቆማ ነው። ስለዚህ ክዳን በሌለው አጥር ጫፍ ላይ አግዳሚ እንጨት አለማድረግ ይሻላል፤ የምታርፍበትን ካላየች ለመዝለል ታመነታለችና። የአንዱን ክንፍ ረጃጅም ላባዎች መከርከምም ሚዛኗን ስለሚያሳጣት ይረዳል። ነገር ግን ላባዋን ስትለውጥ አዲሱ ስለሚበቅል ሥራው መደገም አለበት።

ሁለተኛው የጠላት መንገድ ነው። ጭልፊት ከሰማይ ይወርዳል፤ ድመትና ሸለምጥማጥ ምሰሶውን ይዘው ይወጣሉ። አጥሩ 3 ሜትር ቢሆን እንኳ ለእነዚህ ቁመት ብቻውን ምንም አይደለም፤ የሚያግዳቸው ክዳን ነው። ውሻና ቀበሮ ደግሞ ከሥር ይቆፍራሉ። ስለዚህ ሽቦው ወደ መሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል መቀበር ይገባዋል። ገንዘቡን ሁሉ በቁመት ላይ አውጥቶ ሥሩን ክፍት የተወ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ማዋያ ዙሪያው 10 ሜትር ነው። 1.80 ሜትር ከፍ አድርገን ከላይ ክፍት ብንተወው 18 ካሬ ሜትር ሽቦ ይፈልጋል። 1.20 ሜትር አድርገን ብንከድነው ደግሞ ለዙሪያው 12፣ ለክዳኑ 6፣ በድምሩ ያው 18 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንጻሩ 10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ሰፊ ማዋያ ዙሪያው 32 ሜትር ነው። ቁመቱን በ60 ሳንቲሜትር ለመጨመር 19.2 ካሬ ሜትር ሲበቃ፣ ለመክደን ግን 60 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ ትንሹን መክደን፣ ለሰፊው ቁመት መጨመር ለኪስ ይስማማል ማለት ነው።

ታዲያ ትንሹን ማዋያ በ1.20 ሜትር ከድነን ለምን አንጨርስም? መልሱ በሦስተኛው ነገር፣ በጠባቂዋ ቁመት ላይ ነው። በአገራችን ዶሮ የሚጠብቁት በብዛት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ከእንቁላሉ የሚገኘውም ገንዘብ ለእናቲቱ የጨውና የደብተር መግዣ ነው። አጥሩን የሚሠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ እርሱ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፣ እርሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ስታጎነብስ ትኖራለች። ጎንበስ ብሎ የሚጠረግ ስፍራ ዛሬ ነገ እየተባለ ሳይጠረግ ይቀራል። ያልተጠረገ እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ጫጩቶችን የሚፈጀው ኮክሲዲዮሲስ የሚራባበት ነው። የታመመችውንም ዶሮ ከጥግ ይዞ ማውጣት በዝቅተኛ ማዋያ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ የቁመቱ ልክ መወሰድ ያለበት ከምትጠርገው ሰው ራስ ነው እንላለን።

በዚህ ልክ ላይ የጉዝጓዙን ውፍረት መጨመር ያስፈልጋል። ጭድ ወይም ሰጋቱራ እየተደራረበ 15 ሳንቲሜትር ከደረሰ፣ 1.80 የነበረው ማዋያ 1.65 ሆኖ ይቀራል። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነም ፀሐይ ሲመታው ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ዶሮ ላብ ስለሌላት የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው፤ ክዳኑ ከራሷ በራቀ መጠን፣ ጎኑም በሽቦ ክፍት ሲሆን ትንፋሽ ታገኛለች።

ከፍታ ግን ዕዳ አለው። የግድግዳው ቁመት ከ1.20 ወደ 1.80 ሲያድግ የሚያርፍበት የነፋስ ኀይል አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ምሰሶውን ከሥሩ የሚነቀንቀው ጉልበት ግን ከ2 እጥፍ ይበልጣል፣ ኀይሉም ክንዱም አብረው ያድጋሉና። በሽቦ ብቻ በታጠረው ነፋሱ አልፎ ስለሚሄድ ጫናው ይቀንሳል፤ በቆርቆሮ በታጠረው ግን ሙሉውን ይሸከማል። ስለዚህ የባሕር ዛፉ ምሰሶ 60 ሳንቲሜትር ያህል መቀበር አለበት። ይኸውም ከመሬት በላይ 2 ሜትር ለሚቆም ምሰሶ 2.60 ሜትር እንጨት መግዛት ማለት ነው።

በጠቅላላው፣ ለጥቂት ዶሮዎች የሚሠራ የተከደነ ማዋያ ከፊት 2 ሜትር፣ ከኋላ 1.80 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ልዩነቱ የዝናቡ ውሃ ወደ ኋላ እንዲወርድ ነው። ሰፊና ክፍት ለሆነው 1.80 ሜትር ከክንፍ መከርከም ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ጭልፊት በሚበዛበት ስፍራ ክፍት ማዋያ ለጫጩት አይሆንም። ሜትር በእጁ የሌለው ሰው 4 ክንድ ያህል ቢለካ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚያም ምሰሶው ከመቆረጡ በፊት የምትጠርገዋን ሰው መጥረጊያዋን አስይዞ ከእንጨቱ አጠገብ ያቁማት፤ ራሷ ካለፈ ልኩ አጥሯል ማለት ነው።