እግር ማጠብ ሕክምና ነው

ባለፈው ክረምት ጎረቤት በበቅሎ ያመጣቸው አንዲት እናት ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም ድረስ ለሕክምና መጥተው አየኋቸው። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠዋል። ቆዳው ጠጥሯል፤ የጣቶቻቸው መሐል ደግሞ ረጥቦ ተልጧል። በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ በሳፋ አቅርቤ ሳጥባቸው ዝም ብለው ቆዩ። ስጨርስ ግን፣ «ልጄ፣ ውሃማ ቤቴም አለ። መርፌው የታለ?» አሉኝ። ወገባቸው ጎብጧል፤ እጃቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አይደርስም፤ ቤታቸው የሚያጥባቸው ሰው የለም። ሳሙናና ቫዝሊን ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ይህን ጥያቄ ከታካሚ ስሰማው ይገባኛል። የሚያደክመኝ ከተማረው ሰው ስሰማው ነው። ለእግር እንክብካቤ በጀት በተጠየቀ ቁጥር «ይሄማ የንጽሕና ትምህርት ነው፤ ገንዘቡ መድኃኒት ይገዛበት» የሚል አይጠፋም። ሌላው ደግሞ «ዝሆኔ ከሆነ ክኒኑ ይሰጣቸው» ይላል። ክኒኑ የሚሰጠው ቆላ ላይ በትንኝ ለሚተላለፈው ዝሆኔ ነው። በእኛ ደጋ እግር የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ በፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን በባዶ እግሩ የሚኖርን ሰው የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳው ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎቹን ይጎዳበታል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶ ያሳየን ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታኒያዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። የሚገድሉት ትልም ተሕዋስም ስለሌለ ክኒን አይሠራለትም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንድ ቤት የሚደጋገመው ቤተሰቡ የሚረግጠው አፈር አንድ ስለሆነና ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ነው እንጂ እርግማን ወይም መተት ስላለበት አይደለም።

ታዲያ ምን ይሠራለታል? መታጠብ። ግን እንደ ነገሩ መታጠብ አይደለም። እግሩ በረኪና በጥቂቱ በገባበት ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ እያንዳንዱ የቆዳ እጥፋትና የጣት መሐል ተከፍቶ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ካልሲና ሰፊ ጫማ ይደረጋል። ይህ በየቀኑ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ከዓባይ ማዶ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ላይ እያገረሸ የሚያስተኛው ትኩሳትና የእግር ሕመም ካላገኙት ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ችላ የመባሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ሳሙና ስለሆነ ሰው ሕክምና አይለውም።

በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጣ እግርም ከዚህ አይለይም። ባለቤቱ የውሃውን ሙቀት ስለማያውቀው ሌላ ሰው በክንዱ መለካት አለበት። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲቆርጠው አይሰማውም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ማታ ማታ እግሩን ገልጦ የሚያይ ዓይን ሲኖር ነው። አዛውንት ግን ዓይናቸው ይደክማል፣ ወገባቸውም አይታጠፍም። «እግርዎን ይጠብቁ» ብሎ መምከር ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም።

በወሎ እግር ማጠብን ለሰው ማስረዳት ሊከብድ አይገባም። ክርስቲያኑ በጸሎተ ሐሙስ ካህን እግር ሲያጥብ ያያል፤ ሙስሊሙ ውዱእ ሲያደርግ እግሩን ያጥባል፤ መንገድ ደክሞት የመጣን እንግዳ እግሩን አጥቦ ማሳረፍም የአባቶቻችን ወግ ነው። የጎደለው ክብር አይደለም፤ የተመደበ ሰው ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያ አስቀምጧል፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። ስለዚህ እግራቸው ላይ መድረስ የማይችሉ አዛውንትንና አካል ጉዳተኞችን ቀበሌው ይመዝግባቸው። ሳሙናው፣ ቫዝሊኑና ፋሻው እንደ ማንኛውም መድኃኒት በዓመቱ ዕቅድ ይግባ። ለእያንዳንዳቸው አጣቢ ይሰየም፤ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ካልተገኘም የሚከፈለው ሰው። አጣቢው ይሠልጥን፣ ባለሙያዋም እየሄደች ሥራውን ትይ። መርፌ የሚወጋ ሰው ደመወዝ ሲከፈለው ማንም አይገረምም፤ እግር የሚያጥበውም እንደዚያው ሕክምና እየሰጠ ነው።