ምግብ ይዘን ወደ ጫካ ስንወጣ



በዒድ ማግስትና በእረፍት ቀናት ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ምሳቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፉ መካከል የእግር መንገዶችና ቤተሰብ አረፍ የሚልባቸው ሥፍራዎች አሉት። የእግር ጉዞና ንጹሕ አየር ለሁላችንም ይጠቅማል። ነገር ግን ይዘነው የምንወጣው ምግብ ልጆቻችንን አሳምሞ እንዳይመልሳቸው መጠንቀቅ አለብን።

ብዙዎች «እዚያ ብርድ ስለሆነ ምግብ አይበላሽም» ይላሉ። እውነት ነው፣ የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ነፋሻ ነው። ነገር ግን ተከድኖና በጨርቅ ተጠቅልሎ የተያዘ ሩዝ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ጀርሞች የሚራቡት ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ የበሰለ ምግብ በዚህ ሁኔታ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የበሰለ ሩዝ በስጋ ዙህር ተሰግዶ 8 ሰዓት ላይ ሲበላ 8 ሙሉ ሰዓታት አልፈውታል።

«ደግመን ብናሞቀውስ?» ትሉ ይሆናል። ማሞቅ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል። ሆኖም በሩዝና በስጋ ላይ የሚራቡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ በሙቀት አይጠፋም። የምግቡ ሽታና ጣዕምም ላይለወጥ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በቀላሉ የማይበላሹትን እናስቀድም፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ተምር፣ ያልተላጠ ሙዝና ብርቱካን።

2ኛ. ስጋ፣ ዶሮ ወይም ሩዝ ካስፈለገ ማታ ሠርተን፣ በዝርግ ዕቃ ቶሎ አቀዝቅዘን ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረው። ስንወጣም በረዶ ካደረግናቸው የሃይላንድ ውሃዎች ጋር አንድ ላይ እንያዘው።

3ኛ. ለመጠጥ፣ ለዉዱእና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ ከሳሙና ጋር ከቤት እንያዝ። የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ አይጠጣ።

4ኛ. ልጆች በጫካው ያገኙትን እንጉዳይም ሆነ ፍሬ እንዳይቀምሱ እንከታተል።

5ኛ. አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት አይርሳ። ኢንሱሊን የሚወስድም መድኃኒቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፣ በረዶም አያስነካው፤ ሁለቱም ያበላሹታል።

ከመዝናኛው መልስ ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው አንዱን ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ማጥባቱ አይቋረጥ። ቤት ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን አትስጡት። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስንመለስ ፌስታላችንንና ትርፍራፊውን ሰብስበን እንሂድ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ቤተሰብም በዚያው ሣር ላይ ይቀመጣልና።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።