ሰቆጣ በስፖርት መኪና፦ 86፣ ዜድ ወይስ ቲቲ?

ቅዳሜ ማታ ጨዋታው አልቆ ስለ ጎሎቹ ከተወራ በኋላ ወሬው ወደ ተጫዋቾቹ መኪና መዞሩ አይቀርም። “እኔ ብሆን ይቺን ነበር የምገዛው” የማይል የለም። እሺ፣ ገዙ እንበል። ለበዓል ቤተሰብ ጥየቃ ዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ሊሄዱ ነው። የትኛዋ ታደርስዎታለች?

ሦስት ተፎካካሪዎችን በሐሳብ እናሰልፍ፤ ቶዮታ 86፣ ኒሳን 370 ዜድ እና የሁለተኛው ትውልድ ኦዲ ቲቲ።

እውነተኛው ጨዋታ የሚጀመረው አላማጣ ላይ ነው። ከዚያ ግራካሱን እየተጠማዘዙ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተው ኮረም ይገባሉ። ዜድ ባለ 3.7 ሊትር ሞተር ናት፤ ጉልበቷ ከ320 ፈረስ ይበልጣል። ሜዳ ላይ የሚደርስባት የለም። ግራካሱ ላይ ግን ሜዳ የታለና! ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ፍሬን፣ እንደገና ሁለተኛ። ሩጫ እያለው ክፍት ቦታ ያጣ አጥቂ በሏት። የ86 ጉልበት 200 ፈረስ ብቻ ነው፤ ክብደቷ ግን 1240 ኪሎ ገደማ፣ ሞተሯም ዝቅ ብሎ የተኛ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ የቁጠባ መኪና ጎማ ነው የገጠመላት፤ በዝግታም ቢሆን ኩርባው ላይ እንድትጫወት። ለመንዳት ደስታ ምርጫዬ እሷ ናት።

ችግሩ አየሩ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ኮረም 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የ86 ፈረሶች ወደ 150 ይወርዳሉ። ባለ ተርቦዋ ቲቲ ግን ብዙም አይሰማት። አራቱም ጎማ የሚነዳው ኳትሮ ከሆነችማ ጠጠር ላይም ትሻላለች።

ወደ ዕቃው እንምጣ፤ ከዋግ ያለ ማር የሚመለስ የለምና። የቲቲ የኋላ መጫኛ 292 ሊትር ነው፤ ወንበሩ ሲታጠፍ 700 ይደርሳል። 86 ወንበሯ ሲታጠፍ አራት ጎማ ትይዛለች። ዜድ የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የላትም፤ ልጆቹን የት ሊያደርጓቸው ነው? ፍየል ከተሰጠዎት ደግሞ ለአይሱዙ ሾፌር ይለምኑ።

ቲቲ አሸነፈች ማለት ነው? አይደለም። በመለወጫ ጎማ ፈንታ የምትይዘው ማሸጊያ ፈሳሽና መንፊያ ነው። ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ከቀደደው ፈሳሹ ምንም አያደርግም። 86ም ብትሆን ሆዷ ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው፤ አንድ ያልታየ ድንጋይ የዘይት ቋቱን ካገኘው ጨዋታው አለቀ።

“ባለ ሁለት በር ለእኛ መንገድ አይሆንም” የሚሉ ግን የሳፋሪ ራሊን ይጠይቁ። የዜድ አያት ዳትሰን 240 ዜድ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 አሸንፋለች። ፔጆ 504 ኩፔ በ1978፣ ቶዮታ ሴሊካ ከ1984 እስከ 1986 በተከታታይ። የተከበረችው ፖርሽ 911 ሁለተኛ ከመውጣት አላለፈችም። በእርግጥ እነዚያ ከፍ ተደርገው የተሠሩ፣ መካኒክ የሚከተላቸው መኪኖች ነበሩ።

እርስዎን የሚከተል መካኒክ የለም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የሰበሩትን በሌላ ልተካ ማለትም ከባድ ነው። እኔ ብሆን ግራካሱን በ86 ወጥቼ፣ ኮረም አቁሜያት፣ ወደ ሰቆጣ በአውቶቡስ እቀጥላለሁ።