ከሞያሌ ባሻገር፦ የብዙ ሀገር መንገደኛ ምን ያዘጋጅ?



የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ፣ በባንኮ ጎቲቲ ካሉ ወጣቶች ለሚነሳ ጥያቄ ምላሽ ነው። ጥያቄው «የቡና ገንዘብ ይዤ በሞያሌ በኩል በየብስ እስከ ደቡብ አፍሪካ ብሄድ ምን ላዘጋጅ?» የሚል ነው። ለንግድ፣ ለዕውቀትና ለዘመድ ጥየቃ መጓዝ የተፈቀደ ነው። ሆኖም ሰበብ ሳያደርሱ «በአላህ ተመክቻለሁ» ማለት ተወኩል አይደለም። ስለዚህ ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ዕቅድ የሚጀመረው ከመጨረሻው በር ነው

ከዲላ ተነስቶ በይርጋ ጨፌ፣ በሐገረ ማርያምና በያቤሎ አልፎ ሞያሌ የደረሰ ሰው ገና የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኬንያና ታንዛኒያ አሉ፤ ቀጥሎም ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ከዚያም ሞዛምቢክ ወይም ዚምባብዌ ይመጣሉ። ደቡብ አፍሪካ ከእነዚህ ሁሉ ማዶ ናት። እያንዳንዱ ሀገር የራሱ ሕግ፣ የራሱ ገንዘብና የራሱ ኬላ አለው።

ኬንያ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘን ሰው ያለ ቪዛ ስለምታስገባ፣ ብዙ ወጣት ቀሪዎቹም እንዲሁ ይመስሉታል። የኬንያ ፈቃድ ግን ከታንዛኒያ ጋር በምትዋሰንበት በናማንጋ ያበቃል። ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ደግሞ ቪዛ የግድ ነው፤ የጎብኚ ቪዛ ያገኘ ሰውም በእርሱ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም።

ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ሀገር ነው። አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ጠይቆ ካልተፈቀደለት፣ ሞያሌ ድረስ መሄዱ ምን ይጠቅመዋል? ከተፈቀደለት ወደ ኋላ እየተመለሰ የእያንዳንዱን ሀገር ደንብ ያጣራል። ደንብ ስለሚለዋወጥ፣ አምና የሄደ ሰው የነገረን ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ብዙ ሀገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ባዶ ገጽ ያለው እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ጤና

አንደኛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ በሽታው ሊገኝባቸው ከሚችሉ ሀገሮች ስለሚቆጠሩ፣ ደቡብ አፍሪካ ከእነዚህ አካባቢዎች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል።

ሁለተኛ፣ ወባ ነው። ባንኮ ጎቲቲ ደጋ ናት። በደጋ ያደገ ሰው ወባን የመቋቋም አቅም ስለሌለው፣ በማላዊ ሐይቅ ዳርቻና በዛምቤዚ ሸለቆ ቆላ በሽታው ቢይዘው ይጠናበታል። መከላከያ መድኃኒቱ ከመነሳት በፊት ይጀመራል፤ አጎበርም ይያዛል። ትኩሳት የተሰማው ሰው፣ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ቢሆን፣ የት እንደነበረ ለጤና ባለሙያው ይንገር።

ወቅት

በእኛ አካባቢ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በዚምባብዌ ግን ይህ የክረምት መግቢያ ነው፤ ዝናቡ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይዘልቃል። ወባ ይበረታል፤ ጎርፍ መንገድ ይቆርጣል። ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ በመጋቢት 2011 ዓ.ም.፣ ፍሬዲ የተባለው ደግሞ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እነዚህን ሀገሮች የመቱት በዚሁ ወቅት ነበር። ገንዘብ ተገኘ ተብሎ ብቻ መነሳት እንግዲህ ዕቅድ አይባልም።

ደላላ «እኔ አቅጄልሃለሁ» ሲል

ወንድሞቼ! ደላላ ቪዛ የለውም፤ የሚሸጠው መደበቂያ ነው። በታሸገ የጭነት መኪና ውስጥ አየር አይገባም። ብዙ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ያለው አየር ይመረዛል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሾፌሩ ኬላ ስለሚፈራ፣ ከውስጥ ቢደበደብም በሩን አይከፍትም።

በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ ከ40 በላይ ሰዎች በጭነት መኪና ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት፣ ከ78 ሰዎች መካከል 64ቱ ሞተዋል፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ምዚምባ በጅምላ የተቀበሩ ከ25 ያላነሱ ሰዎች አስከሬን ተገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚህም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደነበሩ ታምኗል።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ነገር ግን የሚቀጥለው ድንበር የት እንደሆነ፣ በምን እንደሚሻገሩና መቼ እንደሚያርፉ የሚያውቀው ደላላው እንጂ እነርሱ አልነበሩም። እንግዲህ ደላላ ለመጣበት ወጣት አንድ መመዘኛ እንስጠው፤ «በየትኛው ኬላ፣ በየትኛው ሰነድ፣ በስሜ አልፋለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለእያንዳንዱ ሀገር ግልጽ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን አይስጥ።

ለወላጆች

አባቶችና እናቶች! እንሰትና ቡና ያለበትን ማሳ ሸጣችሁ ልጃችሁን ከመላክ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ማሳው ከተሸጠ ልጁ ቢመለስ እንኳ የሚመለስበት የለውም። ዑለማዎች መንገደኛ ዕዳውን እንዲከፍል፣ አማናውን እንዲመልስ፣ ለቤተሰቡ ቀለብ እንዲተው፣ ኑዛዜውን እንዲጽፍና ብቻውን እንዳይጓዝ ይመክራሉ። ዕዳ ከፍሎ መነሳት የታዘዘ ሰው፣ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ነክሮ ሲነሳ እንዴት ዝም እንላለን?

በሕጋዊ መንገድ የሚሄደውን አላህ በሰላም ያድርሰው፤ በሰላምም ይመልሰው። በሩ የተዘጋበት ወጣት ደግሞ ገንዘቡም ነፍሱም በእጁ ነውና ይመስገን፤ በሀገሩ ከወንድሞቹ ጋር ይምከር።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።